በአንድ ሰዓት

«እውነቱን ይንገሩኝ ሲስተር፤ ይሄ የሰጡኝ ነገር ምንድን ነው?»

ዓባይነሽ የተጋመሰውን የኪኒን እሽግ በነርሷ ጠረጴዛ ላይ ጣል አደረገችው። ጭኗ ላይ የተቀመጠችው ሕፃን ልጇ ውዳሴ የእናቷን ቀሚስ ደረቱ ላይ ይዛ ትጎትታለች። ዓባይነሽ የልጅቷን እጅ ደጋግማ ታስለቅቃለች። ከትናንት ጀምሮ ጡት ከልክላታለች።

ትናንት ጅጋ ገበያ ወጥታ ክሊኒክ ስትመረመር እርጉዝ ነሽ አሏት። ኪኒኑን ሳታቋርጥ እየዋጠች! እርግዝና ይከላከል ተብሎ የተዋጠ ነገር ጽንሱን ሳይጎዳው ይቀራል? በወተቷስ አልፎ ውዳሴን ሳይነካት? ስትብሰለሰል አድራ በጠዋት ኪኒኑን ወደ ሰጠቻት ነርስ፣ ፍኖተ ሰላም ድረስ መጣች። ባሏ ክንዱ ይህን ሁሉ አያውቅም። ኪኒኑን የምትውጠው ተደብቃው ነው፤ አሁንም ልጅ ሊያስከትቡ የመጡ መስሎት ውጭ ዛፍ ሥር ይጠብቃታል።

ነርሷ ምሥራቅ እሽጉን አገላብጣ አየችው። «ለምታጠባ ሴት የሚሰጥ ነው። ወተት አይቀንስም፣ የሚጠባውንም ልጅ አይጎዳም።»

«ጽንሱንስ?»

«ሳታውቂ ብትውጭው ጽንስ እንደሚጎዳ የታየ ነገር የለም። አሁን ስላረገዝሽ ታቆሚዋለሽ፣ በቃ።»

ይህ ፈጣን መልስ ዓባይነሽን ይበልጥ አስጠረጠራት። የሚሸጣትን ላም ታማለች የሚል ነጋዴ መቼ ታይቶ ያውቃል?

«ደህና ኪኒን ከሆነ ታዲያ እኔ እንዴት አረገዝኩ?»

«በስንት ሰዓት ነበር የምትውጭው?»

«እርስዎ እንዳሉኝ ነዋ! በአንድ ሰዓት።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ። ረቡዕና ዓርብ ብቻ ከቅዳሴ መልስ ስገድፍ ነው። በጾም ቀን ጠዋት ምን ይዋጣል? አንድም ቀን ግን አልዘለልኩ።»

ምሥራቅ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «በአንድ ሰዓት ስልሽ የጠዋቱን አንድ ሰዓት መሰለሽ?»

«ሌላ ምን አንድ ሰዓት አለ?»

«በየቀኑ ሰዓቱ አንድ ዓይነት ይሁን ማለቴ ነበር እኮ። ይሄ ኪኒን ከሰዓቱ ሦስት ሰዓት እንኳ ካለፈ እርግዝና ሊመጣ ይችላል።»

«ማታም ይሆን ነበር?»

«ማታም ይሆን ነበር።»

ዓባይነሽ አንቱታው ጠፋባት። «ታዲያ ምናለ ማታ ዋጭው ብትይኝ! እዚሁ አገር እየኖርሽ ጾም መኖሩ ጠፋሽ?»

ምሥራቅ አቀረቀረች። «እውነትሽን ነው። እኔም የምጾም ሰው ነኝ፤ ሊታሰበኝ ይገባ ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ዓባይነሽ የመጣችው ለጭቅጭቅ ተዘጋጅታ ነበር። ቢሮ ተቀምጦ «ጥፋቱ የኔ ነው» የሚል ሰው ግን በዕድሜዋ አላጋጠማትም። የራሷን ጥፋት ያልደበቀች ሴት በልጅ ነገር ትዋሻለች ብላ ማሰብ አቃታት። ከትናንት ጀምሮ ያፈነችው እንባ መጣ። ቀሚሷን ገለጥ አድርጋ ውዳሴን አስጠጋቻት፤ ልጅቷ ተስገብግባ ጎረሰች።

ዓባይነሽ እንባዋን ጠርጋ በመስኮቱ ወደ ውጭ ተመለከተች። ክንዱ እርግዝናውን ቢሰማ ደስታውን አይችለውም። የኪኒኑን ነገር ብትተወው ማን ይነግረዋል? ለምሥራቅም ቢሆን ጥፋቷን ከማመን ዝም ማለት ይቀላት ነበር።

«ባሌን ይጥሩልኝ» አለች አንቱታዋን መልሳ። «ተደብቄው እውጥ እንደነበር እዚሁ ልንገረው። የጎደለኝን እርስዎ ይሞሉልኛል።»