የቨርሊን አርባ ሰዓት

ቨርሊን ኩቢቼክ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ መጋዘኑ ውስጥ ሲቀጠቅጥ የኖረው አውሮፕላን ሁለት መቀመጫ አለው፤ አንዱ የእሱ፣ ሌላው የሚስቱ የማርዴል። እሱ የቆርቆሮውን ማያያዣ ምስማር፣ ሪቬቱን፣ ከውጭ ሲመታ ከውስጥ ብረት ደግፋ የምትይዝለት እሷ ነበረች። በዚሁ ሰበብ ግራ ጆሮዋ ዛሬም ደህና አይሰማም። አንድ ቀን አማርራ ግን አታውቅም።

ሕጉ ቀላል ነው። ሰው በእጁ የሠራው አውሮፕላን ሌላ ሰው ከመጫኑ በፊት፣ ሠሪው ብቻውን አርባ ሰዓት ሊበርበት ይገባል። ቨርሊንም መጋዘኑ በር ላይ ጥቁር ሰሌዳ ሰቅሎ የበረረውን በጠመኔ ይደምር ጀመር። ቅዳሜ ቅዳሜ የአካባቢው አብራሪዎች ከየእርሻቸው እየበረሩ ፓንኬክ ሊበሉ ሲመጡ መጀመሪያ የሚያዩት ሰሌዳውን ነው። አርባ የሞላ ዕለት ማርዴልን ይዞ እንዲወጣ፣ እነሱም ቆመው እንዲያጨበጭቡ ተስማምተው ጨርሰዋል።

ድምሩ ዘጠኝ በደረሰበት ቀን፣ ከኔብራስካ በቆሎ በላይ፣ ሞተሩን ሁለት ጊዜ ትን አለው። ቨርሊን እንደምንም ተመልሶ አረፈ። ነገሩ ነዳጁ ውስጥ የገባ ጠብታ ውሃ ነበር፤ አወጣው፣ አጸዳው፣ አለቀ። ልቡ ውስጥ የገባውን ፍርሃት የሚያጸዳበት መላ ግን አጣ። ለፈሪ ሜዳ አይነሱም ይባላል፤ ቨርሊን ሜዳ ሞልቶ ተርፎት መሬት መልቀቅ አቃተው። አሥራ አንድ ዓመት ስለ መብረር ሲያወራ ከርሞ፣ "ፈራሁ" የሚል አፍ ከየት ያምጣ?

ስለዚህ ማርዴል የትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ሥራዋ ላይ ስትሆን፣ ከመጋዘኑ ጀርባ ካለው የአጥር ምሰሶ ጋር የአውሮፕላኑን ጭራ በሰንሰለት አስሮ ሞተሩን ያስነሳ ጀመር። የአውሮፕላኑ ሰዓት ቆጣሪ ሞተሩ መዞሩን እንጂ ጎማው መነሳቱን አያውቅም። ሽማግሌው መሪውን ጨብጦ፣ የትም ሳይሄድ፣ እንደ ታሰረ በሬ ሲንቀጠቀጥ ቆይቶ ይወርድና ሰሌዳው ላይ ይጽፋል፤ አሥራ ሦስት፣ ሃያ ሁለት፣ ሠላሳ አምስት። "ሞተሩን እየፈተንኩ ነው" እያለም ራሱን ያሞኛል።

አርባ በሞላበት ቅዳሜ ሁሉም መጡ። ማርዴል ሁለት የቼሪ ፓይ ጋግራ፣ ጸጉሯን ተሠርታ፣ አዲስ ጃኬት ለብሳ ወጣች። ከአብራሪዎቹ በዕድሜ የሚበልጠው አርኒ ሰሌዳውን አየና "አንቺ፣ ኑዛዜሽን ጽፈሻል?" አላት። ሰዉ ሳቀ። ቨርሊንም አብሮ ሳቀ፤ ጀርባውን ግን ላብ አጥምቆት ነበር። በዚያች ደቂቃ እንኳ ሞተሩ ተበላሽቷል ቢል ይበቃው ነበር። ቀበቶዋን ሲያስርላት ዓይን ዓይኑን አየችው፤ እሱ ወደ መቆለፊያው አቀረቀረ።

ተነሱ። በቆሎው፣ ወንዙ፣ የቤታቸው ቀይ ጣሪያ ከሥራቸው አለፉ። ሞተሩ ዛሬም ትን ይለው ይሆን እያለ ቨርሊን ጆሮውን ቀስሯል። ማርዴል ወደ ታች አታይም፤ የምታየው እሱን ነው። ጭኗ ላይ ያረፉትን እጆቿን አየ፤ አሥራ አንድ ዓመት ብረት የያዙለት እጆች ናቸው። እፍረቱ ከፍርሃቱ በለጠበት።

"ማርዴል" አላት በጆሮ ማዳመጫው መነጋገሪያ፣ "አርባ ሰዓት አልበረርኩም።"

"አውቃለሁ። ዘጠኝ ነው።"

ቨርሊን ዞሮ አያት።

"ሣሩን የማጭደው እኔ አይደለሁ?" አለችው። "የሞተርህ ንፋስ ከምሰሶው ኋላ አፈሩን አራቁቶታል። ምሰሶው በሰንሰለት መላጥ የጀመረው ደግሞ ሰሌዳው ላይ ዘጠኝ የጻፍክ ሳምንት ነው።"

"ታዲያ እያወቅሽ ለምን ተሳፈርሽ?"

"ትነግረኛለህ ብዬ ነዋ። ጃኬቴን ስለብስ ይነግረኛል አልኩ። ቀበቶውን ሲያስርልኝ ይነግረኛል አልኩ። ጎማው መሬት እስኪለቅ ጠበቅኩህ እኮ። ፈራሁ ብትለኝ ልስቅብህ ነበር?"

ሰው ሲያፍር መሬት ተከፍታ ብትውጠው ይመኛል፤ ቨርሊን መሬቷም ሩቅ ሆነችበት። ለዚያች ሴት ሕይወት ያልሳሳው "ፈሪ" እንዳይባል ብቻ ነበር። ወደ ቤት አዞረና አሳረፈ።

ጭብጨባው ቀለጠ። አርኒ ጠመኔውን አቀብሎት የዛሬውን እንዲጨምርበት ነገረው። ቨርሊን ተቀበለና አርባውን በእጅጌው ጠረገው። ከዚያ ፊቱን ወደ ሰሌዳው እንዳዞረ ስለ ምሰሶው፣ ስለ ሰንሰለቱ፣ ስለ ሠላሳ አንዱ የውሸት ሰዓት ሁሉንም ተናገረ። የሳቀ የለም። አርኒ ቆቡን አውልቆ የፓይ ሳህኑ ላይ አቀረቀረ።

ቨርሊን "ዘጠኝ" ብሎ ጻፈ። ትንሽ አሰበና የዛሬውን ግማሽ ሰዓት ደምሮ "ተኩል" ጨመረበት።

ማርዴል አጠገቡ መጥታ ቆመች።

"ከእኔ ጋር የበረርከውን አትቁጠረው" አለችው ቀስ ብላ።

ቨርሊን ሁሉም እያዩት "ተኩል" ያለውን ጠረገው።