የፒካፑ ጥፋት

ኮሪን ባለፈው ዓመት በዚሁ የፓርክ ጠባቂነት ፈተና ወድቃ፣ በኦሪገን የአሸዋ ክምር መግቢያ ላይ ቲኬት ስትሸጥ ነው የከረመችው። ዘንድሮ ጥርሷን ነክሳ ተመልሳለች። የጠባቂዎቹ አሠልጣኝ ሚስተር ብራንድት ጠዋት የተናገሩት አጭር ነበር፤ ያለፈ የድምፅ መለኪያውን ይዞ ይሄዳል፣ የወደቀ ይመልሳል። ከእሷ በፊት የተፈተኑት ሁለቱም መልሰዋል።

አንድ ጢማም ሽማግሌ ሞተር ብስክሌታቸውን እያስጓሩ ሲመጡ እጇን ዘርግታ አስቆመቻቸው።

«ደህና አደሩ ጋሼ። የሞተርዎን ድምፅ ልለካ ነው።»

«ይሄ ሞተር በዕድሜ ይበልጥሻል! ትንሽ አክብሪው እንጂ።»

«አክብሬው አይደል ጆሮ የምሰጠው? ፍሪ ያድርጉትና ነዳጅ ይስጡት። በቃ ስልዎት ያቆማሉ።»

መለኪያውን ከማርሚታው ግማሽ ሜትር አርቃ አግድም ያዘች። ዘጠና ስምንት ዴሲቤል! ገደቡ ዘጠና ስድስት ነው። ልቧ ዘለለ። እስክሪብቶዋን አውጥታ የቅጣት ወረቀቱን ለመጻፍ ከጎኗ የቆመውን ፒካፕ መኪናዋን ደገፍ አለች።

ሽማግሌው ለማናደድ ይመስላል፣ እንደገና ነዳጁን ሰጡት። የፒካፑ በር ከመዳፏ ሥር ተንቀጠቀጠ።

ደነገጠች። የመለኪያው ቁጥር በፀሐይ አልታይ ብሏት፣ ለጥላ ብላ መኪናውን እዚያ ያስጠጋችው ራሷ ናት። ድምፁ በቆርቆሮው እየነጠረ ይመለስ ነበር። ራቅ ብለው የቆሙት ሚስተር ብራንድት ፊታቸውን ወደ ባሕሩ አዙረዋል። ሽማግሌው አላወቁም። ብትጽፈው ማን ይጠይቃታል?

እስክሪብቶዋን ኪሷ ከተተች።

«ይቅርታ ጋሼ፤ ወደ ሜዳው እንግፋውና እንደገና ልለካ።»

«ምነው፣ ቁጥሩ አነሰሽ?»

«በዛብኝ። የእኔ መኪና ጨምሮበታል።»

ጎማው አሸዋ ውስጥ እየሰመጠ፣ ሁለቱም ላብ በላብ ሆነው ገፉት። ዘጠና አምስት።

«ይሂዱ ጋሼ፣ መልካም መንገድ።»

«አስገፍቶ የሚለቅ ጠባቂ ዛሬ ገና አየሁ!» ብለው እየሳቁ ሄዱ።

ኮሪን መለኪያውን ከነሳጥኑ ለአሠልጣኟ አቀረበች። «መኪናውን እዚያ ያቆምኩት እኔ ነኝ። ይኸው።»

ሚስተር ብራንድት እጃቸውን አልዘረጉም። «ስታቆሚው አይቻለሁ። እስክሪብቶውን ስታወጪ ፈተናውን ወድቃለች ብዬ ነበር።»

«አሁንስ?»

«አሁንማ ሌላ ጯሂ ሞተር እየመጣ ነው። በባዶ እጅሽ ልትለኪው ነው?»

ሳጥኑን ደረቷ ላይ አስጠጋች። ፒካፑን አርቃ አቆመችና፣ ፀሐዩ መሃል ቆማ እጇን ዘረጋች።