የእንግዳ መደብ

እታገኝ ከመርሐቤቴ ወደ እኛ ቀበሌ በጤና ሠራተኝነት ተመድባ ስትመጣ ፀጉሯ ገና አልሸበተም ነበር። የልጆቻችንን ክንድ ሁሉ የከተበችው እሷ ናት። ስለዚህ እናከብራታለን። የማርያም ማኅበራችን በተሰበሰበ ቁጥር ከካህኑ አጠገብ፣ አጎዛ የተነጠፈበት መደብ ላይ ትቀመጣለች። ዳቦውም ጠላውም ለእሷ ይቀድማል። ቦታው የእንግዳ ነው። ማኅበር ያለ እንግዳ አይሰምርም፤ እኛ ዘንድ ደግሞ እንግዳ አይገኝም። ከመሐል ሜዳ ከተማ የሚመጣው መኪና እንኳ ጭኖ የሚመጣው እኛኑ ነው።

እሷ የምትመኘው ሌላ ነበር፤ ጽዋውን በእልልታ ተረክባ ወደ ቤቷ መውሰድና በወሩ መደገስ። አንድ ቀን የማኅበሩን መሪ፣ ሙሴውን ጋሽ መልከ ጼዴቅን ደፍራ ጠየቀቻቸው።

«ጋሼ፣ እኔንስ አባል አታደርጉኝም?»

«ምን ጎደለብሽ ልጄ? ዘግይቶ የቀረበልሽ ነገር አለ?»

«የለም። እሱ ነው የጎደለኝ።»

ጋሽ መልከ ጼዴቅ አሰቡ። «አንቺ አባል ከሆንሽ እንግዳችን ማን ሊሆን ነው?»

ነገሩ እውነት ስለሆነ ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን።

በጥቅምት ማርያም፣ ተራው የሙሉመቤት በሆነበት ዕለት፣ ከቤቷ በታች የአንድ ጭነት መኪና ጎማ ፈነዳ። ሾፌሩ ይሥሐቅ ረዳቱን ጎማ እንዲያስለጥፍ ልኮ፣ ዝማሬ ሰምቶ ገባ። እታገኝ ከመደቡ ዘላ ተነሣች።

«እዚህ! እዚህ ይቀመጡ ጌታዬ!»

እሱ ሲቀመጥ እሷ መቀመጫ አጣች። ሌሎቻችን በየአባቶቻችን ቦታ ላይ ነበርን። በሩ አጠገብ ቆመች።

«ምን እንደ ምሰሶ ትገተሪያለሽ?» አለቻት ሙሉመቤት። «ማንቆርቆሪያውን አንሺና ቅጂ እንጂ!»

«እሺ እትዬ!»

መቅዳት ጀመረች። ጋሽ አፈወርቅ ዋንጫቸውን አዩና «መድኃኒት መሰለሽ እንዴ? ይሙላ እንጂ!» ብለው ተቆጡ። እኛ ዘንድ ከመጣች ሰው ሲቆጣት ያ ቀን የመጀመሪያዋ ነበር። ፊቷ በራ።

ብዙም ሳይቆይ ከታች የመኪናው ጥሩምባ ተነፋ፤ ጎማው ተለጥፏል። ይሥሐቅ ተነሣ።

«አይሆንም፣ በማርያም!» አለች እታገኝ መንገዱን ዘግታ። «እኛ ዘንድ እንግዳ ሳይጠግብ አይነሣም።»

«እኛ» ስትል ሙሉመቤት ቀና ብላ አየቻት።

«ጠግቤያለሁ እህቴ። የጫንኩት ቲማቲም ነው።»

«ለሚመጣው ወርስ?»

«እንጃ። በዚህ የመጣሁትም መንገድ ተሳስቼ ነው።»

ሄደ። መኪናው ቁልቁል ሲወርድ ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ እታገኝ ደጁን እያየች ቆመች። ጋሽ መልከ ጼዴቅ አጎዛውን አራገፉላት።

«በይ ልጄ፣ ቦታሽ ይኸው።»

ማንቆርቆሪያውን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች። «ገና አንድ ዙር ይቀራል ጋሼ።»

ማንቆርቆሪያው ባዶ ነበር። ሙሉመቤት ይህን ታውቃለች።

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?» አለቻት ቆጣ ብላ። «ጋኑ ጓዳ ነው፤ ግቢና ቅጂ!»

እታገኝ ጓዳ ገብታ ቆየች። ጠላ መቅዳት ያን ያህል ጊዜ አይፈጅም።