ከመስኮቱ ሥር ያሉት ሦስት ብሎኬቶች

ዋቅጋሪ ለቅሶ ቤት ገብቶ ከወንዶቹ ጋር ድንኳኑ ውስጥ ከተቀመጠ በኋላ ኮፍያውን የት እንደሚያደርገው ጠፋው። ጉልበቱ ላይ አደረገው፣ አነሳው፣ መልሶ አደረገው። ነገሌ ውስጥ ከመናኸሪያው ጀርባ ብረት የሚበይድ ሰው ነው፤ ዝም ብሎ መቀመጥ አልለመደበትም። በመጨረሻ ተነስቶ የሟቹን ጎረቤት ዲንቄን ወደ ድንኳኑ ጠርዝ ጠራትና በሹክሹክታ፣ ሟቹ ያዘዛቸው በርና መስኮቶች ስላለቁ የት ያድርሳቸው እንደሆነ ጠየቃት።

ዲንቄ ሰውየው ያበደ መሰላት። ዓብዱሰመድ ከተቀበረ ገና ሁለተኛ ቀኑ ነው። ቢሆንም ወሬ ሆዷ ውስጥ አያድርም፣ ገብታ ፍራሽ ላይ ለተቀመጠችው ለሚስቱ ለራሕማ በጆሮዋ ነገረቻት። ራሕማ ከትናንት ጀምሮ ለሰው ሁሉ ራሷን ከመነቅነቅ በቀር ያወራችው ነገር አልነበረም።

“መስኮቶቹ ስንት ናቸው?” አለች፣ ሰው እየሰማ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን መገመት አያስቸግርም። ወሬው ሴቶቹን አዳርሶ ወደ ድንኳኑ ወጣ። የባሏ መቃብር አፈር ሳይደርቅ ስለ መስኮት ትጠይቃለች ተባለ። አንዷ ድንጋጤ ነው አለች፤ ሌላዋ ዱሮም ደረቅ ነች አለች። ራሕማ ሁሉንም ሰማች።

ምን እንደቸገራት የምታውቀው ራሷ ነበረች። ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን ዒዳዋን ቤቷ ተቀምጣ ትጨርሳለች። ግን የቱ ቤት? ይህን የኪራይ ቤት በወሩ መጨረሻ እንለቃለን ብለው ለአከራያቸው ለእትዬ አበዛሽ ነግረዋል። ተተኪው ተከራይ ልጆቹን ይዞ ከቡሌ ሆራ ሊመጣ እቃውን አስሯል። እትዬ አበዛሽ ጥሩ ሴት ናቸው፤ እንዲቀር እነግረዋለሁ ብለው ነበር፣ ራሕማ ግን የሰው ልጆች ሜዳ ላይ እንዲቀሩ አልፈለገችም። የቀረው አምስት ቀን ነው። በዋደራ መንገድ ዳር ዓብዱሰመድ በገዛ እጁ የገነባው ባለ ሁለት ክፍል ቤት አለ፤ ጣሪያው ተመቷል፣ በርና መስኮት ግን የለውም።

የዓብዱሰመድ ታላቅ ወንድም ሚክዳድ ከሻኪሶ እንደሰማ ደርሶ ነበር። ሐሳቡ የቀና ነው፤ ዒዳዋን እሱ ቤት እንድትቀመጥ ሚስቱ ክፍል አዘጋጅታለች። ራሕማ ያንን ክፍል ታውቀዋለች። በሙሽርነቷ ከዓብዱሰመድ ጋር አንድ ዓመት ኖራበታለች። ከመጋዘኑ ጀርባ ነው፣ በር አለው፣ መስኮት የለውም። ዝናብ መዝነቡን የምታውቀው ሰው ረጥቦ ሲገባ ነበር።

ሠፈሩ ዓብዱሰመድን የሚያውቀው ገበያ ለገበያ እየዞረ ሳህንና ቴርሞስ ሲሸጥ ነው። ከጁምዓ ሰላት በኋላ ደግሞ ሸሚዙን አውልቆ ብሎኬት ሲደረድር ነበር የሚታየው። ግንበኛ አልቀጠረም። “የቀጠርኩት ሰው ቢያጣምመው ዕድሜ ልኬን እሱን እሰድባለሁ። እኔ ካጣመምኩት ዝም እላለሁ” ይል ነበር። ብዙም አላጣመመም።

ግንቡ መስኮቱ ጋ ሲደርስ ተጣሉ። እሱ ትንሽና ከፍ ያለ መስኮት ፈለገ፤ የነገሌ ቀይ አቧራ ከሰዓት በኋላ ከፀሐይዋ ጋር ተያይዞ ነው የሚገባው። ራሕማ ቁጭ ብላ መንገዱን የምታይበት ትልቅ መስኮት ፈለገች። እሱም ሳቀ፤ ምን ልታዪበት ነው፣ የሰው ከብት ልትቆጥሪ ነው ወይ አላት።

ልታይ የፈለገችው እሱን ነበር። የዋደራ አይሱዙ ከሰዓት በኋላ የአስር ሰላት ሲቃረብ መታጠፊያው ጋ ያወርደዋል፤ ከዚያ ያልተሸጠውን እቃ ተሸክሞ በእግሩ ይመጣል። መታጠፊያው ጋ ብታየው ደጃፍ ሳይደርስ ሻዩን ታፈላ ነበር። ይህ ነበር ምክንያቷ፣ ሌላ የለውም። አሥራ አራት ዓመት አብረው ሲኖሩ እንዲህ ያለ ነገር በአፏ ተናግራ አታውቅም፤ በመስኮት ምክንያት መጀመር አሳፈራት። “የፈለግከውን አድርግ” አለችው። እሱም ለትንንሽ መስኮቶች ክፍተት ትቶ ግንቡን ጨረሰ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስለ በርና መስኮት አላወሩም። ከዚያ አንድ ቀን ዋደራ ገበያ ላይ እቃውን ሲሰበስብ ደከመኝ ብሎ ተቀመጠ፣ በዚያው ቀረ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሚክዳድ ከዋቅጋሪ ጋር ሄዶ መስኮቶቹን አይቶ ተመለሰ። ደጃፉ ላይ ቆሞ፣ ራሕማን ላለማየት ዓይኑን መሬት ላይ አድርጎ ተናገረ።

“በሩ ልክ ነው። መስኮቶቹ ግን አይገቡም። ወርዳቸው ልክ ሆኖ ቁመታቸው በጣም ይረዝማል። አላህ ይዘንለትና ልኩን ተሳስቷል። ተቆርጠው እስኪበየዱ ወሩ ያልቃል። ሻኪሶ እንሂድ፣ ራሕማ።”

ዋቅጋሪ ከኋላው ኮፍያውን ይዞ ቆሟል። “ዋቅኒ ሲ ሃ ጀጀቤሱ፣ ራሕማ” ብሎ እንድትበረታ ከመረቃት በኋላ ወደ ሚክዳድ ዞረ። “አንቱ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ዓብዱሰመድ ልክ አይሳሳትም። ቁጥሩን ሦስት ጊዜ ነው ያስደገመኝ። ሁለቱም መስኮት ከክፍተቱ የሚበልጠው እኩል ነው፣ የሦስት ብሎኬት ቁመት። ስህተት ቢሆን እንዲህ እቅጭ አይመጣም።”

“ሦስት ብሎኬት?” አለች ራሕማ።

ከመሞቱ በፊት በነበረው ዓርብ ወደ አዲሱ ቤት ምሳ ይዛለት ሄዳ ነበር። ኩርፊያዋ ስላልለቀቃት መስኮቱ ሥር ጀሪካን ገልብጣ ፊቷን አዙራ ተቀመጠች። እሱ ከሰል ይዞ ከኋላዋ መጣና ቀጥ ብለሽ ተቀመጪ አላት። ከሰሉ ግድግዳው ላይ ሲፋቅ ሰማች። ምን እያደረግክ ነው ስትለው ሸረሪት ነው አለ። አላመነችውም፣ ግን ዞራ ለማየት ኮራች። ምሳውን ሲጨርስ ሳህኑን ይዛ ወደ ቤቷ ሄደች።

ግድግዳውን እንድታይ ዲንቄን ላከቻት። ዲንቄ እየሮጠች ሄዳ እየሮጠች ተመለሰች፤ ትንፋሿ እስኪመለስ ሁሉም ጠበቃት። ከመንገዱ በኩል ካለው መስኮት ሥር በከሰል የተሰመረ መስመር አለ አለች፣ ሴት ስትቀመጥ ትከሻዋ ጋ የሚደርስ። ከመስመሩ በላይ እስከ መስኮቱ ድረስ ሦስት ረድፍ ብሎኬት አለ፤ ሁሉም ላይ የሚፈርስ የሚል ምልክት አድርጎባቸዋል፣ በሌላኛው መስኮት ሥርም እንዲሁ።

ሚክዳድ ቀጥሎ ያነሳው ነገር ሁሉም ይፈራው የነበረውን ነው፤ ዒዳ ላይ ያለች ሴት መንገድ ዳር ባለ ትልቅ መስኮት እንዴት ትቀመጣለች፣ ሰውስ ምን ይላል። ዱዓ ሊያደርጉ የመጡት ሽማግሌ ሼህ ድንኳኑ ውስጥ ሆነው ሰሙት። ኪራዩ ካለቀ ወደ ራሷ ቤት ትግባ፣ እዚያ ተሸፍና ከተቀመጠች ዒዳዋ አይጎድልም አሉት። ሰው የሚለውን ደግሞ መስኮት ባይኖርም ይላል ብለው ሙስባሃቸውን መቁጠር ቀጠሉ።

ዋቅጋሪ ለመሄድ ተነስቶ ደጃፉ ላይ ቆመ። ሌላ ያልጨረሰው ነገር እንዳለው ያስታውቃል።

“በሩ ቀለም አልተቀባም፣ ዝገት መከላከያ ብቻ ነው ያለው። ምን ቀለም ላድርግልህ ስለው እሷ ናት የምትመርጠው አለኝ። ታዲያ ጠይቃት አልኩት። አሁን ብጠይቃት የፈለግከውን ነው የምትለኝ፣ እስኪበርድላት እንጠብቅ አለ።”

ራሕማ ያለቀሰችው ያኔ ነው። በቀብሩ ቀን ያላለቀሰችውን፣ ሁለት ቀን ሙሉ ሴቶቹ የጠበቁትን ሁሉ አንድ ላይ አለቀሰች። በርዶላት ነበር። ዓርብ ዕለት ሳህኑን ይዛ ስትመለስ መንገድ ላይ በርዶላት ነበር፣ አልነገረችውም እንጂ። ደረቅ ናት ያለቻት ሴት ቀድማ መጥታ አቀፈቻት።

ሲበቃት ፊቷን በሻርፗ ጠረገች። “ሸክላ ቀለም ይሁን” አለችው ዋቅጋሪን። “አቧራ የማያሳይ።”

በማግስቱ ብሎኬቶቹን ያፈረሰው ሚክዳድ ነው። የሠፈሩ ወጣቶች ሊያግዙት ቢመጡም መዶሻውን አልሰጥም አለ። መጀመሪያ ቀስ እያለ ነበር፣ በኋላ ግን በኃይል ይመታ ጀመር፤ ሲጨርስ ፊቱ ላይ ያለው ላብ ይሁን እንባ አልለየም፣ ማንም አልጠየቀውም። ከመስመሩ በታች አንድም ብሎኬት አልነካም። ዋቅጋሪ መስኮቶቹን አስገባ፣ በሩን ሰቀለ። መስታወቱ እስኪደርስ መዝጊያዎቹን በላስቲክ ሸፈናቸው።

በአምስተኛው ቀን ራሕማን ተሸፋፍና አመጧት። ቤቱ ውስጥ ፍራሽና ድስት፣ ከሰል ማንደጃና ያ ጀሪካን ነበሩ። ዲንቄ እቃውን ስታስተካክል ራሕማ ጀሪካኑን ወደ መስኮቱ ስባ ተቀመጠች። የመስኮቱ ደፍ ትከሻዋ ጋ ሆነ። መንገዱ እስከ መታጠፊያው ድረስ ወለል ብሎ ይታያል።

አስር ሰላት ሲቃረብ የዋደራው አይሱዙ አቧራውን እየጎተተ መጥቶ መታጠፊያው ጋ ቆመ። ሰዎች ይወርዱ ጀመር። አቧራው ቀድሟቸው ቤት ገባ፣ ዲንቄም አሳላት።

“ፍራሹን አለበሰው እኮ፣ ራሕማ። ልዝጋው?”

“ቆይ፣ ወርደው አላለቁም።”

ሁለት ሴቶች ወረዱ። ዶሮ የያዘ ሽማግሌ ወረደ። በመጨረሻ ጆንያ የተሸከመ ሰው ወርዶ ወደ ሌላ አቅጣጫ ሄደ፤ መኪናውም ተነሳ። ራሕማ መንገዱ ባዶ እስኪሆን አየች። ከዚያ በሻርፗ ጫፍ ከመስኮቱ ደፍ ላይ አቧራውን ጠረገች፤ መስኮቱን ግን አልዘጋችም።