የቶርቫልድ ሃያ ቀለሆች

ዊልማ ሐሙስ ጠዋት ጋራዡ ውስጥ ቆማ አንዲት የናስ ቀለህ ዓይኗ ሥር አድርጋ ትሳደባለች።

«አንቺ ምን ጉድ ነሽ? ትናንት አልቆረጥኩሽም? ተኝተሽ ስታድጊ አደርሽ?»

ቀለህ መቼም አይመልስ። መለኪያዋ ካሊፐር ግን መለሰላት። ረዝማለች። ሁለት ጊዜ ለካቻት፣ መነጽሯን ጠራርጋ ሦስተኛ ለካቻት፣ ያው ናት። የፀጉር ያህል ብቻ ነው የረዘመችው፤ ግን ሟቹ ባሏ ቶርቫልድ በዚችው በፀጉር ያህሏ ነበር ሲያስፈራራት የኖረው። «አንገቷ የረዘመች ጥይት ጠመንጃው ውስጥ ትታነቃለች፣ ዊልማ። ታንቃ ከተተኮሰች ፊትሽን ይዛ ነው የምትሄደው» ይላት ነበር።

ይሄ ሁሉ መከራ የመጣው በኦፓል ምላስ ነው። ኦፓል የቶርቫልድ እህት ናት። የዛሬ ሦስት ሳምንት ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ምድር ቤት ምሳ ሲበላ፣ አፏን ድንች ሞልታ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ እንዲህ አለች፦

«የአባቴ ጠመንጃ እኮ ወንድሜ ከሞተ ወዲህ መጥረጊያ አጠገብ ቆሟል አሉ።»

«ማን አለ?» አለች ዊልማ።

«ሰው ነዋ።»

«ሰውዬውን ንገሪው፣ ዘንድሮ አጋዘን እጥልበታለሁ። የአደን ፈቃድ ዕጣው ወጥቶልኛል።»

«በምን ልትጥዪ? በድንጋይ? የሱን ጥይት ሱቅ መሸጥ ያቆመው እኮ እኔ ራሴ ጥርሴ ሙሉ ሳለ ነው። ቶርቫልድ ነበር ቀለሁን እየለቀመ መልሶ በእጁ የሚሞላው።»

«እኔስ እጅ የለኝም?»

ኦፓል ሹካዋን አስቀመጠች። ይቺን ቃል ስትጠብቅ ነው የኖረችው። ጠመንጃው ለኔ ነበር የሚገባው እያለች ሠላሳ ዓመት ስታኝክ ኖራለች። «እንግዲያው የአደኑ መክፈቻ ቅዳሜ ከመድረሱ በፊት የራስሽን ጥይት ካጎረስሽው ያንቺ ይሁን። ካላጎረስሽው ወደ አባቴ ዘር ይመለስ።»

«ይሁን!» አለች ዊልማ። የፓስተሩ ሚስት ሹካዋን አየር ላይ እንደያዘች ሰማች። እሷ ከሰማች እንግዲህ ሞንታና በሙሉ ሰማ ማለት ነው፤ ቃል ማጠፍ የለም።

ዊልማ ደግሞ ሥራው የሚከብድ አልመሰላትም። አርባ አንድ ዓመት በር ላይ ቆማ ስታየው የኖረችው ነው። ቶርቫልድ ራሱ ግድግዳው ላይ በእጁ ጽፎ ለጥፎታል፦ ቅባ፣ ጭመቅ፣ ለካ፣ ቁረጥ፣ ጠርዙን ጥረግ። ከዚህ በላይ ምን አለው? ዕቃውም በሥርዓቱ ተደርድሯል፤ ለዚያውም እሷው ናት ያስተካከለችው። እሱ በሕይወት ሳለ ያንን ጠረጴዛ ጨርቅ አያስነካትም ነበር። ከቀብሩ በኋላ ባልዲዋን ይዛ ገባች፤ ዝገቱን አሸች፣ የሞተውን ሸረሪት ጠረገች፣ የጃም ብልቃጥ ውስጥ የተጠራቀመ ጥላሸትም አግኝታ ደፋችው። የዚያን ቀን እንዴት ኮርታ ነበር!

ቀለሆቹ ሃያ ናቸው። ሃያ ብቻ። ሌላ ከየትም አይመጣም።

ሰኞ ዕለት ውጭ ውጫቸውን ቅባት ቀባቻቸው። አንድ በአንድ፣ ተተኩሶ የተነፋውን ቀለህ ወደ ልኩ የሚመልሰው መጭመቂያ ላይ አድርጋ ዘንጉን ወደ ታች ስትጫነው እንደ ቅቤ ይገባል። ወደ ላይ ስትመልሰው ግን «ጢ...ጥ!» ብሎ ይጮሃል፤ ጥርስ የሚያስነክስ ጩኸት። ማሽኑ አርጅቷል አለችና አለፈችው። ለካቻቸው፤ ረዝመዋል። ይሁን፣ መቁረጫው ለዚህ አይደል? የመቁረጫውን እጀታ ስታዞር ዋለች። የናስ ብናኙ ነጠላ ጫማዋ ውስጥ ገብቶ እግሯን በላት፣ ክንዷ ዛለ፣ ግን ሃያውም ልክ ሆኑ።

እዚያ ላይ ብትተወው ምን ነበረበት? የቀለሆቹ አፍ ሲዳብሱት ሸካራ ሆነባት። «እስቲ አንዴ ልድገማቸውና አፋቸው ክብ ይሁን» ብላ መልሳ መጭመቂያው ውስጥ ከተተቻቸው። «ጢ...ጥ!» ሃያ ጊዜ። ማክሰኞ ስትለካ ሁሉም ረዝመዋል።

ቆረጠች። አሁንም ሻከሩ። አሁንም ጨመቀች። ረቡዕ ስትለካ ረዝመዋል! ሁለቱ ደግሞ አንገታቸው ላይ ተሰነጠቁ፤ እነሱን ወደ ቆሻሻው ስትጥል የቶርቫልድን ጥርስ የጣለች ነው የመሰላት። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ሁለት ተሰነጠቁና አሥራ ስድስት ቀሩ።  ካሊፐሩን ወርውራ እንደገና አንስታ ይቅርታ ጠየቀችው። የሞተውን ባሏንም አልማረችውም፦ «ስትጽፍ ምናለ አንድ መስመር ብትጨምር? ለገና ካርድ ገጽ ሙሉ ትጽፍ የለ!»

ይሄኔ የኦፓል ፒካፕ ግቢው ውስጥ ሲቆም ተሰማ። ኦፓል የጋገረችውን የፖም ፓይ ይዛ፣ ፈገግታዋን ከፓይዋ አስቀድማ ገባች።

«እንደምን አደርሽ የኔ እመቤት? ብቻሽን እንዳትደክሚ ብዬ ነው።»

«አልደከምኩም።»

«ፀጉርሽ ላይ ናስ አለ።»

«ሆን ብዬ ነው።»

ኦፓል ወንበር ስባ ተቀመጠች፣ ፓይዋን ጉልበቷ ላይ አደረገች። ዓይኗ መጭመቂያው ላይ ነው። ወንድም የሌላት ይመስል ከአባቷ እግር ሥር ቁጭ ብላ ይሄን ሥራ የተማረች እሷ ናት፤ በዚህ ሸለቆ የሷን ያህል ቀለህ የሚያውቅ የለም። ዊልማም ሥራዬ ሰምሮልኛል ለማለት ያህል አንዲት ቀለህ ከታ ዘንጉን መለሰች።

«ጢ...ጥ!»

ኦፓል ትከሻዋ ዘለለ።

«ምንድነው እሱ?»

«ማሽኑ ነው። አርጅቷል።»

«ማሽኑ ነው» አለች ኦፓል ቀስ ብላ፤ ከንፈሯን ነክሳ ወደ መስኮቱ ዞረች። ዝም ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅባት። ሁለት ቀን ዝም።

ሁለተኛዋ፦ «ጢ...ጥ!» ኦፓል የፓይዋን ጠርዝ በጣቷ ቆርሳ አፏ ውስጥ ከተተች። ሦስተኛዋ። ኦፓል ዓይኗን ጨፈነች። አራተኛዋ ላይ ፓይው ከጉልበቷ ሊወድቅ ሲል ለቀም አድርጋ ብድግ አለች።

«ተይ! ተይ እንጂ፣ ምን ዓይነት ጨካኝ ነሽ! ማሽን አይደለም የሚጮኸው፣ ቀለሁ ነው! አንገቱን ውስጡን በምን ቀባሽው?»

«ውስጡን?»

«አዎ ውስጡን! መጭመቂያው ላይ ወደ ቀለሁ መሃል የምትገባ ኳስ አለች፤ ስትወጣ ደረቅ አንገት ካገኘች ይዛው ነው የምትወጣው። እየጎተትሽ የምታረዝሚያቸው አንቺው ነሽ! የቶርቫልድ ጥቁር ዱቄት የታለ?»

«የቱ ጥቁር ዱቄት?»

«በጃም ብልቃጥ ያለው። አንገታቸውን እየነከረ የሚጨምቀው።»

ዊልማ ጆሮዋ ድረስ ቀላች።

«ዊልማ፣ የታለ?»

«ጥላሸት መስሎኝ... ደፋሁት።»

ኦፓል ሳቀች ሳይሆን ፈነዳች። መነጽሯ ወደቀ፤ ወንበሩን ይዛ ነው የቆመችው። ዊልማ ያን ጊዜ በቀለሆቹ ምትክ መሬቱ ተሰንጥቆ ቢውጣት ትመርጥ ነበር።

ኦፓል እንባዋን እየጠረገች ከመደርደሪያው የቶርቫልድን የአናጢ እርሳስ አወረደች። ጥቁሩን በቢላ ፋቀችና ክዳን ውስጥ አከማቸችው። «ንከሪያት» አለች። ዊልማ የቀለሂቱን አንገት ነከረች፣ ዘንጉን ተጫነች፣ መለሰች። ጭጭ። ደገመች። ጭጭ። አራት ቀን ጥርሷን ያስነከሳት ነገር የእርሳስ ፍቅፋቂ ማጣት ነበር እንግዲህ!

«አሁን ለኪና ለመጨረሻ ቁረጪ። ሲሻክር ደግሞ ወደ መጭመቂያው አይደለም፤ ያቺን ሹል መጥረጊያ ከውስጥም ከውጭም ታዞሪባታለሽ። "ጠርዙን ጥረግ" ይላል እኮ፣ ማንበብ አትችዪም?» ብላ ኦፓል እጀታውን ልትይዝ እጇን ዘረጋች። ዊልማ በእጇ ጀርባ መታቻት።

«በእጄ ነው ያልኩት።»

አሥራ ስድስቱን ራሷ ቆረጠች፣ ራሷ ጠረገች። የመጀመሪያዋን ባዶዋን ጠመንጃው ላይ ሞከረቻት። መቀርቀሪያው ሳያንገራግር ጠቅ አለ። ነገ ባሩድና አረሯን መጨመር ብቻ ነው የቀረው።

ጠቅታውን ስትሰማ ነው ኦፓል የሠራችው ሥራ የገባት። ፊቷ ወረደ።

«ዝም ብል እኮ ጠመንጃው የኔ ነበር።»

«ዝም ማለት መች ታውቂያለሽ?»

«ይሁን፣ ውሰጂው። ግን ለፓስተሩ ሚስት የብልቃጡን ነገር ካልነገርኩ ሆዴ ይፈነዳል፤ ዛሬውኑ ነው የምነግራት።»

ዊልማ ደሟ ፈላ። ጠመንጃው ተርፎላት ስሟ ሊሄድ ነው። ሌላ መላ ብታጣ ቢላውን አንስታ ፓይውን ቆረሰችና ትልቁን ቁራጭ ሰጠቻት፤ ቢያንስ እስክትውጥ ትተወኛለች ብላ።

ኦፓል ግን አፏ ሞልቶም ታወራ ነበር።