ሠርግ ያልተጠራችው ሰንጢ

ባኪዚዮ ፑዱ ልጁን ሊድር ከሰርዴኛ ደሴት ወደ ጄኖቫ በሚበርበት ጠዋት አዲሱን ሱሪውን ለበሰና እጁ እንደ ልማዱ አንድ ነገር ኪሱ ውስጥ ከተተ። ልቡ አልሰማም፤ እጁ ብቻ ነው ያደረገው።

ነገርየዋ ሰንጢ ነበረች። ሰንጢ ሲባል ግን የገበያ ሰንጢ እንዳትመስላችሁ። እጀታዋ ከአውራ በግ ቀንድ የተጠረበ፣ ፀሐይ ሲያገኘው እንደ ማር የሚያበራ፣ ስለቷ እንደ አደስ ቅጠል መሃሏ ሰፋ ብሎ ጫፏ የሾለ። ባኪዚዮ የሠሪውን ደጅ ስንት ክረምት ጠንቶ ያገኛት ናት። ስሟን «እሜቴ» ብሏታል። የመንደሩ ቄስ አባ ባይንጆና የከብት ሐኪሙ አንቲዮኮም የየራሳቸው ሰንጢ አላቸው፤ እሜቴ ስትመዘዝ ግን ሁለቱም ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስቱ ቡና ቤቱ ደጃፍ ይሰበሰባሉ፤ ዘይት ይቀቧታል፣ ቋሊማ ይቆርጡባታል፣ ስለቷን በፀጉር ይፈትናሉ። በዚህ ምክንያት የአንቲዮኮ ግራ ክንድ ፀጉር አብቅሎ አያውቅም።

ልጁ ጋቪና ይህን ታውቃለች። ስለዚህ በስልክ አስምላዋለች። «አባዬ፣ በእመቤቴ ይዤሃለሁ፣ ሰንጢህን ይዘህ እንዳትመጣ። የጃኮሞ እናት ወይዘሮ ኦታቪያ የተከበሩ ሴት ናቸው። ገበታ ላይ ሰንጢ መዘህ ቢያዩህ መሬት ተሰንጥቃ ትዋጠኝ!»

ባኪዚዮም ምሎ ነበር።

አልጌሮ አውሮፕላን ማረፊያ ሲደርሱ ገና ማለዳ ነበር፤ ሚስቱ ቦናሪያ አውሮፕላን የሚያመልጣት እየመሰላት ሰው ከእንቅልፉ ሳይነቃ ነው ያደረሰችው። ኪሱን ባዶ እንዲያደርግ ሲጠየቅ እሜቴ ከቁልፎቹ ጋር ጠረጴዛው ላይ ዱብ አለች።

«ጉድ ፈላ!» አለች ቦናሪያ። «አንተ ሰውዬ፣ ለልጅህ ምለህ አልነበረም?»

«እኔ አላመጣኋትም። ራሷ ናት የመጣችው።»

ፈታሹ ጺማም ጎልማሳ ነበር። ሰንጢዋን ፊቱን አኮሳትሮ አነሣት፣ ከፈታት፣ ከዚያ ግንባሩ ቀስ እያለ ተፈታ። ወደ መብራቱ አስጠጋት። አገላበጣት።

«አባባ... ይቺ የማን እጅ ሥራ ናት?»

ባኪዚዮ ነገረው። ሰውየው ባርኔጣውን አወለቀ። «እኔኮ ሰንጢ እንዲሠራልኝ ተራ እየጠበቅሁ ነው!» አለ፤ ጓደኛውንም ጠራ፤ ጓደኛው ሌላ ጠራ። ከኋላ የተሰለፈው መንገደኛ «ኧረ በሕግ አምላክ!» እያለ ሲጮህ ሦስት ዩኒፎርም ለባሾች የቀንዱን ቀለም እያደነቁ ይከራከሩ ነበር።

«ብስማት ደስ ይለኝ ነበር» አለ ፈታሹ በመጨረሻ እየተከዘ። «ግን አውሮፕላን አትገባም። ወይ ሰው ይውሰድልህ፣ ወይ እዚያ ትጣላለች።» የጥፍር መቁረጫና የሽቶ ጠርሙስ የሞላበትን ሣጥን አሳየው።

«ከጥፍር መቁረጫ ጋር? እሜቴ?» ባኪዚዮ ስልኩን አወጣ። «አንቲዮኮ! እሜቴን አሰሩብኝ!»

«ላም እያዋለድኩ ነው» አለ አንቲዮኮ እያለከለከ። «የጥጃው እግር በእጄ ነው። ወጣ... ወጣ! መጣሁ!»

አንቲዮኮ ክንዱን እንኳ በወጉ ሳይታጠብ አባ ባይንጆን መኪናው ላይ ጭኖ መጣ። አባ ባይንጆም ቀሚሳቸውን በሁለት እጃቸው ሰብስበው በአዳራሹ መሃል ሲሮጡ ያየ ሁሉ ሰው ሊሞት ነው ብሎ መንገድ ለቀቀላቸው። ባኪዚዮ ሰንጢዋን በመሐረብ ጠቅልሎ አስረከባቸው።

«እርጥበት እንዳይነካት፣ አባ።»

«በነፍሴ እወራረዳለሁ፣ ልጄ።»

«ልጅህን ስትድር እንኳ እንዲህ ዓይንህ ውኃ አልሞላም» አለች ቦናሪያ።

«ገና አልዳርኳትም እኮ!»

እነሱ በረሩ። ሁለቱ ጓደኛሞች መኪና ውስጥ ምን እንደተባባሉ ባኪዚዮ የሰማው በኋላ ነው። አባ ባይንጆ መሐረቡን ፈታ አድርገው አዩና «ከፖርቶ ቶሬስ ወደብ ዛሬ ወደ ጄኖቫ የሚነሣ መርከብ አለ» አሉ።

«ሠርጉን አልተጠራንም እኮ፣ አባ።»

«እሷስ መቼ ተጠራች?»

አንቲዮኮ መሪውን አዞረ።

በማግስቱ ጋቪና አገባች። ምሳው ከከተማው በላይ፣ ባሕሩ ቁልቁል በሚታይበት የአትክልት ቦታ ነበር። ባኪዚዮ ከወይዘሮ ኦታቪያ አጠገብ ተቀምጧል። ሴትዮዋ ቀጭን፣ ዕንቁ ያሰሩ፣ ቦርሳቸውን ከጭናቸው የማያወርዱ ናቸው። ወሬው አልያዝ ብሎታል፤ እጁ ባዶ ኪሱን እየዳበሰ ይመለሳል። ድንገት ከአጥሩ በላይ የቄስ ባርኔጣ ብቅ አለ፤ ከኋላው አንቲዮኮ መንኮራኩር የሚያህል የበግ አይብ ተሸክሞ።

ባኪዚዮ እንደ ሕፃን ከወንበሩ ዘለለ።

ጋቪና ሮጣ ሁለቱንም ሳመቻቸው፤ ከዚያ ዓይኗን አጠበበች። «ብቻችሁን ነው የመጣችሁት፣ አባ?»

«ከእግዚአብሔር ጋር ነው፣ ልጄ» አሉ አባ ባይንጆ፤ በጠረጴዛው ሥር ግን መሐረቡ ባኪዚዮ እጅ ገብቶ ነበር።

አይቡ የከረመ፣ ድንጋይ የሆነ ነው። አስተናጋጁ ቢላዋውን ሰካ፤ ቢላዋው ጎበጠ። ሌላ አመጣ፤ ጫፉ ተሰብሮ ቀረ። ላቡ ተንቆረቆረ። ባኪዚዮ ኪሱ ውስጥ ያለችው እሜቴ ጣቶቹን ያቃጠለችው መሰለው። ልጁን አያት። ልጁም አየችው፤ ጣቷን በጉሮሮዋ ላይ አሳለፈች።

ያኔ ወይዘሮ ኦታቪያ ብድግ አሉ። «ይኼ ልጅ አይቡን እያሰቃየው ነው! አልቻልኩም!» ቦርሳቸውን ከፈቱና እጀታዋ ጥቁር ቀንድ፣ አንገቷ የብር ቀለበት የሆነች ሰንጢ አወጡ። ሠርገኛው ሁሉ አፈጠጠባቸው። ሴትዮዋ ፊታቸው እንደ ቲማቲም ቀላ።

«ይቅርታ አድርጉልኝ። የአባቴ ነው፤ አባቴ መርከበኛ ነበር። ጃኮሞ እንዳላመጣው አስምሎኝ ነበር፤ የሰርዴኛ ሰዎች ኩሩ ናቸው፣ ይቀየሙሻል ብሎ።»

«እማዬ!» አለ ሙሽራው ጃኮሞ።

ባኪዚዮ እሜቴን አውጥቶ ከጎኗ አስቀመጣት። ወይዘሮ ኦታቪያ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «ጌታዬ፣ ልንካት?»

«እሜቴ ትባላለች። የእርስዎስ ስሟ ማነው?»

«ወንድ ነው፤ ‹ስሙ› ይበሉ። አድሚራሉ እንለዋለን።»

ከዚያ በኋላ የሚያስቆም አልተገኘም። የሙሽራው አጎት ከካልሲው አንድ መዘዘ፤ አባ ባይንጆ ከቀሚሳቸው ሥር፤ ለካስ የፎቶ አንሺውም ኪስ ባዶ አልነበረም። አንቲዮኮ «ዛሬ ሁለት ሠርግ ነው! እሜቴና አድሚራሉ ይጋቡ!» ብሎ ጮኸ።

«አላጋባም» አሉ አባ ባይንጆ። «መጀመሪያ ሽማግሌ ይላክ።»

ጋቪና እንዳታለቅስ ስትታገል ሳቁ ቀደማት፤ እስክትንፈራፈር ሳቀች፣ የሙሽርነት ሻሿ ወለቀ። ከዚያ የነጭ ቀሚሷን እጅጌ ሰብስባ እሜቴን አነሣችና አይቡን እንደ ወረቀት እያሳሳች ቆረጠችው፤ የማን ልጅ መሆኗ እዚያ ላይ ታየ። ሠርገኛው አጨበጨበ። ሰንጢዋ ከእጅ ወደ እጅ፣ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ስትዞር ባኪዚዮ ጫጩቷ እንደጠፋባት ዶሮ ይከተላታል፤ «ቀስ! ሎሚ የነካ እጅ አይንካት! ጥረጓት!»

ሙዚቃው ተጀመረ። ቦናሪያ ባሏ ከወይዘሮ ኦታቪያ ጋር ራስ ለራስ ገጥሞ ስለ ሞረድ ድንጋይ ሲያወራ አየችና የአንቲዮኮን ክንድ ያዘች።

«ና ይልቅ አንተ አስደንሰኝ» አለችው። «የኔው ሰውዬ ለልጁ አማት ሳይሆን ለራሱ የነፍስ ጓደኛ አግኝቷል።»