ስም የማይጻፍበት ሣጥን

ተመራማሪዋ ቁልፉን ከፍታ እጇን ሰደደችና ሣጥኑን ከጥግ እስከ ጥግ ዳሰሰችው። ባዶ ነው። ባዶ ሲሆን ይህ ሦስተኛ ወሩ ነው።

በቀዶ ሕክምናው ክፍል መግቢያ ላይ የሰቀለችው ራሷ ናት። የምታጠናው በሰመመን ጊዜ ሕመምተኛ ለጥቂት ከሞት የሚተርፍባቸውን ስህተቶች ነበር። ሰመመን ሰጪዎቹን ሰብስባ፣ «ስም አይጻፍም፤ ማንም አይጠየቅም፤ የሆነውን ብቻ ጻፉልኝ» ብላ ለመነቻቸው። መጀመሪያ ፈሩ፤ ኋላ ግን ጻፉ። በሦስት ወር አርባ አንድ ወረቀት ወጣ። ያለቀ ኦክስጅን፣ የማይጮኽ ማንቂያ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የመርፌ መምታታት። አንዱ መድኃኒት ያስተኛል፣ ሌላው ትንፋሽ ያቆማል፤ መርፌ ውስጥ ሲቀዱ ግን ሁለቱም ውሃ ይመስላሉ።

አንድ ቀን ከወረቀቶቹ አንዱን ጠረጴዛዋ ላይ ገልጣ ትታው ወጣች። የሆስፒታሉ ኃላፊ ገብቶ አየው፤ የእጅ ጽሕፈቱንም ወዲያው ለየው። የጋሼ ነበር። ሠላሳ ዓመት ሰመመን የሰጡት፣ ግማሹን ሠራተኛ ያስተማሩት ጋሼ በሳምንቱ ዕቃ ግምጃ ቤት ተመደቡ። ከዚያ ወዲህ የጻፈ የለም።

«ስህተት ዜሮ ገባ እኮ፤ ጥናትሽ ሠራ» አላት ኃላፊው ኮሪደሩ ላይ ሲያገኛት።

«የጠፋው ወረቀቱ ነው እንጂ ስህተቱ አይደለም።»

«እሱን ለራስሽ ያዢው። ሪፖርቱ ነገ ይድረሰኝ።»

ግምጃ ቤት ወረደች። ጋሼ አንሶላ እየቆጠሩ ነበር።

«ጋሼ፣ በእኔ ጦስ...»

«ተይው ልጄ። አንሶላ ብሳሳት የሚሞት የለም። ዕድሜ ላንቺ፣ እንቅልፌን እየጠገብኩ ነው» ብለው ሳቁ። እሷ መሳቅ አልቻለችም። እሳቸው ግን ጠየቋት፤ «መርፌዎቹን እንዲለይ ይገዛ ያልነው ባለቀለም ምልክትስ ተገዛ?»

«አልተገዛም።»

«እንግዲያው ገና ይመታታል» አሉና ወደ አንሶላቸው ዞሩ።

ስትመለስ አንዲት ወጣት ሰመመን ሰጪ ሣጥኑ ሥር ቆማ ጠበቀቻት። ከወሊድ ፈቃድ ከተመለሰች ወር አልሞላትም። እጇ ላይ የታጠፈ ወረቀት ይዛለች።

«ዶክተር፣ ጠዋት አንዲት እናት ልገድል ነበር። የሚያስተኛው መስሎኝ ሌላውን ሰጠኋት። ትንፋሿ ቆመ። የአየር ፊኛውን በእጄ እየጨመቅኩ መለስኳት። ልጆቿ ውጪ ቆመው አመሰገኑኝ።» ወረቀቱን አቀበለቻት። «ይህን ይዤ ቤት መግባት አቃተኝ። ጽፌዋለሁ።»

ተመራማሪዋ ወረቀቱን ዘረጋችው። ክብ ክብ ያለ፣ ወደ ግራ ያዘነበለ ጽሕፈት። አንድ የሕመምተኛ ካርድ ላይ እንኳ ያየው ሰው ሁሉ ይለየዋል።

«ባለቤትሽ ሥራ አገኘ?»

«ገና ነው።»

ወረቀቱን በነበረበት እጥፋት አጥፋ መለሰችላት።

«አታስገቢው። ቅደጂው።»

ልጅቷ ትክ ብላ አየቻት። «ታዲያ ለማን ልንገር?»

«ግቢ በቃ፤ ቀጣዩ ሕመምተኛ እየጠበቀሽ ነው።»

በሩ እስኪዘጋ ቆማ አየችና ቢሮዋ ገባች። የሪፖርቱን ቅጽ ከመሳቢያ አወጣች። ከወሩ ስም ትይዩ ዜሮ ጻፈችና ፈረመችበት።